የተሸጠ ድምፅ

ከድጄ ያን ድምፅ በገዛ ቤቷ ስትሰማው፣ መጀመሪያ የመሰላት የባጃጇ ሹፌር የቀኑን ገቢ ሊያስረክብ መጥቶ በር ላይ የቆመ ነው። ዐስር ሰግዳ፣ የመጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ዛላ በርበሬ ትቀነጥሳለች።

«ወገኖቼ፣ አትቸኩሉ፤ ወደ ኋላ እንመለስና እንየው» ይላል ድምፁ።

«ፈቃደ! ግባ እንጂ! ዛሬ ምነው በጊዜ?» ብላ ጮኸች።

መልስ የለም። ድምፁ ወሬውን ቀጠለ። ከድጄ ሰው ጠርታ ዝም ሲላት አትወድም፤ ነፍሱን ይማረውና ባሏም ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። እጇን አራግፋ ተነሳችና የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከጎረቤት ፍየል በቀር ማንም የለም።

ድምፁ የሚመጣው ከልጇ ክፍል ነበር። ሩፋይዳ አልጋዋ ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ስልኳን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ትጽፋለች።

«ይኼ ሰው ስልክሽ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«የቱ ሰው?»

«የኛ ሰው ነዋ! የባጃጁ ሹፌር።»

ሩፋይዳ ሳቀች። «እማዬ ደግሞ! ይኼ አስተማሪያችን ነው።»

«‹ወገኖቼ› የሚል ሰው ቡታጅራ ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ‹ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ› ሲል ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ስሙ ማነው አስተማሪሽ?»

የልጅቷ ሳቅ እዚያው ቆመ።

«መምህር ፈቃደ» አለች።

ከድጄ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የበርበሬ ነጋዴ ናት፤ ትምህርቷ አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። ሩፋይዳን ግን ወልቂጤ አንድ የግል ኮሌጅ አስገብታ አካውንቲንግ አስተምራለች። ልጅቷ ሁሉን ጨርሳ የቀራት የመውጫ ፈተና ነው፤ እሱን ካላለፉ ዲግሪ የሚባል ነገር የለም። አንዴ ተፈትና ወድቃለች። ሁለተኛው ፈተና ደርሷል። መርካቶ ሱቅ ያለው አጎቷ ሙስተፋ በየጁምዓው እየደወለ፣ «ይኼ ነገር ካልሆነላት ላኪያት፣ ሱቅ ትቀመጥልኝ» ይላል። ከድጄ ሱቅ ንቃ አይደለም፤ ሱቅ ነው ያሳደጋት። ግን የጀመሩትን ነገር ሜዳ ላይ መጣል አትወድም። ባጃጇንም የገዛቻት ለዚሁ ትምህርት ነበር።

«አስተማሪሽ ከሆነ፣ ማታ ማታ ቁልፍ ሲመልስ አታውቂውም?»

«ኮፍያውን ደፍቶ፣ አፉን በጨርቅ አስሮ ነው የሚመጣው፤ ከኔ ጋርም አውርቶ አያውቅም። ደግሞ ፊቱን አይተን አናውቅም። የመጨረሻው ዓመታችን በሙሉ በቀረጻ ነው። ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት እየተባለ በቴሌግራም ይላክልናል። የሚታየው ሰሌዳው ብቻ ነው።»

«ካልገባሽስ?»

«እንደገና እሰማዋለሁ።»

«እንደገናም ካልገባሽስ?»

ሩፋይዳ ትከሻዋን ሰበቀች። «ደግሜ እሰማዋለኋ።»

ከድጄ ወደ በርበሬዋ ተመለሰች፤ እጇ ግን አልሠራ አላት። ሰውየው በቀን የሚያስገባላት ገቢ የኮሌጁን ክፍያ ሲከፍል ከርሟል። ኮሌጁ ደግሞ ሰውየውን አውጥቶ ባጃጅ ላይ ጥሎታል። ልጇ አስተማሪ አጥታ ከስልክ ጋር ስትታገል፣ አስተማሪው እናቷን ገበያ ያመላልሳል። ነገሩን ወዲህ ብታዞረው ወዲያ ብታዞረው መልክ አጣባት።

መግሪብ ሲቃረብ ባጃጇ ገባች። ፈቃደ እንደ ልማዱ መስታወቱን ወልውሎ፣ ቁልፉን ይዞ መጣ። ረጅም ነው፤ ከባጃጅ ሲወጣ እንደ መቀነት ተጣጥፎ ነው የሚወጣው። አገሩ ወደ ሰሜን ነው። ሥራ ሲጠይቃት «ወልቂጤ ቢሮ ነበርኩ» ከማለት በቀር ስለ ራሱ አውርቶ አያውቅም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ መምህር» አለችው።

ቁልፉን የዘረጋበት እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ማን ነገረዎት?»

«ራስዎ ነዎት የነገሩኝ። ከሰዓቱን ሙሉ ቤቴ ሲያወሩ ነው የዋሉት።»

ሩፋይዳ ከበሩ ኋላ ብቅ አለች፤ ስልኩ እጇ ላይ ነው። ፈቃደ አያት። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ፤ ከድጄ መላጣውን ያኔ ገና አየችው።

«እትዬ ከድጄ፣ አንተ ይበሉኝ። ትናንት አንተ ነበርኩ።»

«ትናንት ሹፌር ነበሩ።»

«ዛሬም ሹፌር ነኝ።»

በርጩማ አስመጣችለትና ተቀመጠ። መናገር ያልፈለገውን ነገር በጥያቄ መንጭቃ አወጣችው። ኮሌጁ ሲከፈት ጀምሮ ያስተምር ነበር። ቋሚ ነበር። በኋላ ተማሪ ሲቀንስ «በኮንትራት ይሁን» ተባለ፤ ሆነ። ከዚያ «በሰዓት ይሁን» ተባለ፤ ያም ሆነ። ከዚያ አንድ ክረምት መምህራኑን ሰብስበው፣ ግድግዳው ላይ ፍራሽ በተለጠፈበት ክፍል ውስጥ አንድ በአንድ እያስገቡ ትምህርታቸውን ቀረጹ። ለተማሪ መከለሻ ነው አሏቸው። ፈርመው የቀረጻ አበል ወሰዱ። መስከረም ሲጠባ ፕሮግራም ሊቀበል ሲሄድ፣ «ያንተ ኮርስ ተቀርጿል እኮ፤ ሰዓት የለህም» ተባለ።

«ታዲያ ወልቂጤም ባጃጅ ሞልቷል፤ ተራራ አቋርጠው እዚህ ድረስ ምን አመጣዎት?»

«ወልቂጤ ብነዳ ተማሪዎቼ ይሳፈሩብኛላ።»

«ቢሳፈሩስ? ሂሳብ አይከፍሉም?»

«ያሳፍራል።»

ከድጄ ይህ አልገባትም። «የኛ ሰው ሊስትሮ ሠርቶ ሆቴል ከፍቷል። ሥራ ምኑ ያሳፍራል? የሚያሳፍረውስ እንደ ዶሮ ሌባ ኮፍያ ደፍቶ መሸሸግ ነው።»

ፈቃደ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«እንግዲህ አላህ እግርዎን ወደ ደጄ ያመጣው በከንቱ አይደለም» አለች። «ይቺን ልጅ እስከ ፈተናው ያስጠኑልኝ። ገቢው ይቅር፤ ባጃጇም ትቁም።»

«አላስተምርም።»

«ምነው?»

«ተውኩታ። ድምፄን ሸጬላቸዋለሁ፤ የቀረኝ መሪው ነው። እሱ ላይ ይተዉኝ።»

«እንግዲያው ነገ ቁልፍ አልሰጥም!»

«አይስጡኝ» ብሎ ተነሳ። የጠየቀችው ነገር ክፉ ነገር እንደሆነ ሁሉ ፊቱ ጠቁሯል። ቁልፉን የበርበሬው ጆንያ ላይ አስቀምጦ ወደ በሩ ሄደ።

«መምህር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ» አለች ሩፋይዳ። «ክፍል ዘጠኝ ላይ ነው። ቡድኑ ውስጥ ጽፌ ነበር፤ የመለሰልኝ የለም።»

ስልኩን ነካችው። የፈቃደ ድምፅ ግቢውን ሞላው። «ወገኖቼ፣ ዋጋ በየጊዜው በሚጨምርበት ዘመን፣ ቀድሞ የገባው ዕቃ ቀድሞ ተሸጠ ብላችሁ ከመዘገባችሁ፣ ትርፋችሁ ዝቅ ብሎ ይታያል። ይህቺን ያዟት፤ ፈተና ላይ አትቀርም።»

«መጽሐፉ ግን ከፍ ብሎ ይታያል ነው የሚለው» አለች ሩፋይዳ። «የቱን እንያዝ?»

ፈቃደ በሩ ላይ እንደቆመ ነው። «ድገሚው» አላት። ደገመችው። ሦስተኛም አስደገማት። የራሱን ድምፅ ሲሰማ ሰው ለቅሶ ቤት ውስጥ ሲቆም እንደሚቆመው ነበር የቆመው።

«ከፍ ብሎ ነው» አለ በመጨረሻ። «በርካሽ የተገዛውን በውድ እንደሸጥሽ ነው የሚቆጠረው፤ ትርፉ ከፍ ይላል። አፌን አዳልጦኝ ነው። ክፍል ውስጥ ብሆን ኖሮ አንዱ እጁን ያወጣ ነበር፤ እዚያው እናርመው ነበር። የሳትኩት ብዙ ጊዜ ነው፤ ሁልጊዜም አንድ እጅ ይወጣል።» ከዚያ ጠየቃት፤ «ይህን ስንት ሰው ሰምቶታል?»

«ያለፈው ዓመት ተማሪዎች በሙሉ። እኛም በሙሉ።»

«ማንም አልጠየቀም?»

«ማንን?» አለች ሩፋይዳ።

ከድጄ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል ምንም አልገባትም። እሷ በርበሬ ስትሸጥ በሩ አጠገብ ያለውን ጆንያ ነው የምታነሳው፤ ቀድሞ ይግባ ኋላ አትጠይቅም። የገባት የሰውየው ፊት ነው።

«ፈተናው ላይ መጥቶ ነበር» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «እንዳስተማሩን መለስን።»

ፈቃደ ደህና እደሩ ሳይል ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ከድጄ ቁልፉን ደብቃ ጠበቀችው። መጣ። ኮፍያ የለውም፤ ኮት ለብሷል፤ የኮቱን እጅጌ የጠመኔ ነጭ አልለቀቀውም።

«ዛሬ ባጃጅ አልፈልግም። ወልቂጤ ሄጄ ያን ክፍል አርሙልኝ ልላቸው ነው።»

«እኔም እሄዳለሁ» አለች።

«እርስዎ ምን ያደርጋሉ?»

«ከፋይ ነኝ። የገዛሁት ዕቃ ቀዳዳ ሆኖ ተገኝቷል።»

ሊከለክላት ሞከረ። ከድጄን ከልክሏት የሚያውቅ ሰው የለምና ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ተራራውን ወጥተው ወደ ቸሃ ሲወርዱ፣ እንሰቱን ዝናብ አጥቦት ያብረቀርቃል። ፈቃደ መንገዱን ሙሉ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ዱዓ እያደረገ መሰላት። በኋላ ጆሮዋን ስትጥል፣ ያን ትምህርት በልቡ እንደገና እያስተማረ ነው።

የኮሌጁ ዲን ከማሉ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ፈቃደ ራሱ ያስተማረው። ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «ጋሼ!» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ጣለ።

«ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ግን አሁን አይሆንም። ቀረጻውን የሚያሠራጨው ሌላ ድርጅት ነው፤ አንዱን ለመቀየር እንደ አዲስ ውል ይጠይቁናል። ለሚቀጥለው ዓመት ይታያል።»

«ፈተናው በሚቀጥለው ዓመት ነው እንዴ?» አለች ከድጄ።

«እናቴ፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

«ቀዳዳ ዕቃ የተሸጠላት ሴት ነኝ።»

ከማሉ ሊስቅ ብሎ ተወው። «ቢያንስ ለተማሪዎቹ ቴሌግራም ላይ ይነገራቸው» አለ ፈቃደ። «አንድ መስመር ናት። ተሳስቻለሁ ብዬ በስሜ ልጻፍ።»

«አንድ ስህተት አለ ከተባለ ስንት አለ ይባላል። ወላጅ ይነሳል፤ ፈቃድ ሰጪው ይመጣል። ጋሼ፣ እኔም እዚህ ያለሁት በኮንትራት ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ የፈረሙትን ያውቁታል። ያን ትምህርት ለተማሪዎቻችን ከኮሌጁ ውጭ ማስተማር አይችሉም። ለመስከረም ሁለት ኮርስ ይዤልዎት ነበር፤ በአካል የሚሰጥ። ስንቱን ተሟግቼ እንዳገኘሁት አልነግርዎትም። እባክዎ ይህን አያበላሹብኝ።»

ፈቃደ ኮቱን ቆልፎ ተነሳ። ሲወጡ በመምህራን ክፍል በኩል አለፉ። በሩ ክፍት ነው። ወንበሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ጥግ ይዘዋል። የመምህራኑ ስም እያንዳንዱ መሳቢያ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ፈቃደ ከአንዱ መሳቢያ ፊት ቆሞ በጣቱ አቧራውን ጠረገና የሞተ ባልደረባውን እንደሚጠራ ሰው ስሞቹን ድምፅ ሳያሰማ አነበበ። ከድጄ ያኔ ነው ነገሩ የከበዳት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሰውየው በግትርነት ዕውቀቱን የነፈጋት መስሏት ነበር።

ሲመለሱ ሚኒባሱ አገና ላይ ሰው ሊጭን ቆመ። ከድጄ ከቀሚሷ ኪስ ቁልፉን አወጣች።

«እንካ… እንኩ» አለች፤ አፏ ላይ ተደናቀፈባት። «ነገ ሥራዎን ይግቡ። ስለ ልጄ ያልኩትን ትቼዋለሁ።»

«ለምን?»

«መስከረም ሊመለሱ ነዋ። በኔ ልጅ ምክንያት በር እንዲዘጋብዎ አልፈልግም። የርስዎም ልጆች እናት አለቻቸው፤ ሰገነት ነው ቅድም ያሉኝ ስሟን? ምን ትለኛለች? ሩፋይዳ መርካቶ ትሄዳለች። አትሞትም።»

ከድጄ የያዘችውን ነገር ለቃ አታውቅም። ይህን ተናግራ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ውጭ ሴቶች ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ተሸክመው ወደ ገበያ ይወርዳሉ።

ፈቃደ ቁልፉን ተቀበላት። እያገላበጠ አየው። ተራራውን እስኪወጡ በእጁ ይዞት ተቀመጠ። ቡታጅራ መናኸሪያ ሲወርዱ፣ «ሩፋይዳ ቤት ትኖራለች?» አለ።

ግቢው ሲደርሱ ሩፋይዳ ስልኳን ይዛ መጣች። ፈቃደ ቆሞ አስጻፋት። «እኔ ፈቃደ፣ በቀረጻ ያስተማርኳችሁ ነኝ። ክፍል ዘጠኝ ላይ የተናገርኩት ስህተት ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ እናንተ አይደላችሁም።» ትክክለኛውን አስከትሎ አስጻፈ። ከዚያ የከድጄን ቤት አቅጣጫና ቀኑን አስጨመራት፤ «ጥያቄ ያለው ሁሉ ይምጣ።»

የልጅቷ ጣት ስልኩ ላይ ቆመ። «መምህር፣ ቡድኑ ውስጥ ዲኑም አለ።»

«አውቃለሁ።»

«ይላክ?»

ፈቃደ ወደ ከድጄ ዞረ። ከድጄ ጎንበስ ብላ በርበሬዋን መቀንጠስ ያዘች፤ በዚህ ነገር ውስጥ የሷ ቃል መግባት እንደሌለበት ገብቷታል። ሰውየው አፉን በእጁ ጠረገ።

«ላኪው» አለ።

የኮሌጁ መልስ ለመምጣት አልዘገየም። ከማሉ ራሱ ደወለ። ፈቃደ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ «አዎ… አዎ… አይ፣ አልቀየምህም፣ ልጄ» ብቻ ሲል ተሰማ። የመስከረሙ ኮርስ በዚያው ቀረ።

ቅዳሜ ተማሪዎቹ መጡ። ከወልቂጤ መጡ፤ ከአገናም መጡ፤ ሳምሪ የምትባል ያለፈው ዓመት ተማሪ ሕፃን አዝላ ከአዲስ አበባ መጣች። ቤቱ ስለማይበቃ ከድጄ መጋዘኗን ለቀቀችላቸው፤ ጆንያ ላይ ደረደረቻቸው። ፈቃደ በመጋዘኑ የብረት በር ላይ በጠመኔ ጽፎ ዞር ሲል ሁሉም በአንድ ላይ አነጠሱ። በርበሬው ነው። እሱም አነጠሰ።

«ወገኖቼ፣ ይማራችሁ» አለ። ሳቁ። እዚያው ላይ አንድ እጅ ወጣ።

«መምህር፣ እሱ ላይ ያለው አልገባኝም።»

ፈቃደ ወደ ወጣው እጅ ዞረ። ዓይኑን የሞላው እንባ ከበርበሬው ይሁን ከሌላ፣ ከድጄ መለየት አልቻለችም። ውጭ ባጃጇ ቆማለች። ሰው እየመጣ «እትዬ፣ ዛሬ አይሠራም እንዴ?» ሲል፣ «ሥራ ላይ ነን፣ አትጩህብን» እያለች ትመልሳለች።

እስከ ፈተናው በየቅዳሜና እሑዱ እንዲያ ሆነ። ውጤት ሲመጣ ሩፋይዳ አለፈች። ሳምሪም አለፈች። ያላለፉም አሉ፤ ፈቃደ ለሁሉም ደወለ፣ ካልሆነላቸው ጋር ብዙ አወራ። ሙስተፋ የጁምዓ ስልኩን አቆመ። ሩፋይዳ አንድ ማህበር ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት ገባች። ፈቃደ ባጃጁን መንዳት ቀጠለ፤ ኮፍያውን ግን አልደፋም። ሰገነትንና ልጆቹንም ቡታጅራ አመጣቸው። ከድጄ ገቢ ስትቀበለው ዛሬም ድረስ እርስዎ ትለዋለች፤ እሱም አንተ ይበሉኝ ማለቱን ትቶታል።

ጥቅምት ላይ፣ በገበያ ቀን ጠዋት፣ ከድጄ ዛላዋን ጭና ከኋላ ተቀመጠች። መንገድ ላይ አንዲት ወጣት ተሳፈረች፤ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስልኳን ከፈተች። ማዳመጫ የላትም።

«ወገኖቼ፣ አትቸኩሉ» አለ ስልኩ።

ከድጄ ደነገጠች። ልጅቷ ጭንቅላቷን አቀርቅራ ትጽፋለች። ድምፁ ዋጋ ስለሚጨምርበት ዘመን ማውራት ጀመረ፤ ያው ነው፣ አንዲት ፊደል አልተነካም። ከድጄ የፈቃደን ጀርባ አየች። ጀርባው ድርቅ ብሏል።

ባጃጇ ቀስ ብላ ከአስፋልቱ ወጥታ ዳር ያዘች። ሞተሩ ጠፋ።

«ምነው? ነዳጅ አለቀ?» አለች ልጅቷ።

ፈቃደ በመቀመጫው ላይ ረጅም ወገቡን አጥፎ ወደ ኋላ ዞረ።

«ወገኔ፣ ክፍል ዘጠኝ ላይ ነሽ?»

ልጅቷ ስልኩን አየች፤ ሹፌሩን አየች፤ እንደገና ስልኩን አየች። ብዕሯ ከእጇ ወደቀ።

ገበያው ሞቅ ብሏል። ገዢዎቿ ሌላ ጋ እንደሚሄዱባት ከድጄ ታውቃለች። ጎንበስ ብላ ብዕሩን አነሳችና ለልጅቷ ሰጠቻት፤ ጆንያዋን እግሯ ሥር ጠጋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላቸው።

«ጻፊ» አለቻት።